የቅጣት ሳጥኑ በር ከፋች

ዌንደል ኮሲክ ሃያ አምስት ዓመት በር ከፈተ። በሩ ደረት ላይ የሚደርስ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ የእንጨት በር ነው። ከበሩ ወዲያ የበረዶው ሜዳ፣ ከበሩ ወዲህ አንድ አግዳሚ ወንበር። ያጠፋ ተጫዋች እዚያ ወንበር ላይ ሁለት ደቂቃ፣ ከተደባደበ ደግሞ አምስት ደቂቃ ይቀመጣል። ጊዜው ሲያልቅ ዌንደል መቀርቀሪያውን ስቦ ይለቀዋል። ሥራው ይኸው ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ለአሥራ አንድ ሰከንድ፣ አልከፈተም። ከተማው የሚያነሳበት እሱን ብቻ ነው።

የበረዶ ሆኪ ወደ ኬልሰን ከተማ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የብረት ማቅለጫው ባለቤት ካናዳዊ ነበርና የሚቺጋንን የበረዶ ወራት ያለ ሆኪ መግፋት አልሆነለትም። ከፋብሪካው ጀርባ አዳራሽ አሠራ፤ ቡድኑን «መዶሻዎቹ» ብሎ ሰየመው። ወደ ትልቁ ሊግ ለመውጣት የሚመኙ ጎረምሶችና ከትልቁ ሊግ የተንከባለሉ ሰዎች አብረው የሚጫወቱበት ትንሽ ሊግ ነበር። በ1961 ሊጉ ፈረሰ። ቡድኑ «ንስሮቹ» ተብሎ ሌላ ሊግ ገባ፤ እሱም ፈረሰ። በ1965 ጭራሽ ቡድን አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ ከብት ለጨረታ ቀረበበት፤ ሰዉ ቅዳሜ የት እንደሚውል ጠፋው። በሚቀጥለው ዓመት መዶሻዎቹ በድሮ ስማቸው ተመለሱ። የከብቱ ሽታ እስከ ገና አልለቀቀም፤ ቅር ያለው ግን አልነበረም።

ዌንደል በሩን የተረከበው በ1954፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማቅለጫው ውስጥ የፒስተን ቀለበት ይሞርዳል፤ የጨዋታ ቀን ካፖርቱን ደርቦ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ያኔ ሳጥኑ አንድ ብቻ ነበር። በረዶው ላይ የተደባደቡት ሁለቱ ሰዎች እዚያው አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ዌንደል በመሃላቸው። አንዱ በእሱ አናት ላይ አሻግሮ ይሳደባል፣ ሌላው አሻግሮ ይተፋል። ሚስቱ አይሪን ያንን ካፖርት ከሌላ ልብስ ጋር አጥባው አታውቅም። በ1963 ሳጥኑ ለሁለት ተከፈለና ዌንደል የባለሜዳውን ቡድን ሳጥን ያዘ።

በር ከፋች ወገን የለውም። አያጨበጭብም፣ አይመክርም፣ ተጫዋች ቢያወራውም አይመልስም። «ሃያ» ይላል፣ «አሥር» ይላል፣ ይከፍታል። ዌንደል ይህን ደንብ ይወደው ነበር። ማቅለጫው ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚጮህበት አለቃ አለ፤ እዚህ የሚያዘው ሰዓቱ ነው። ሰዓቱን የምትይዘው ደግሞ ኖርማ ዲትሪክ ናት፣ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት። በእሷና በእሱ መካከል አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። አሥራ ስድስት ዓመት በዚያች መስኮት ሲነታረኩ ኖረዋል።

ብሬንት ሃሉክ በ1977 መጸው መጣ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ከሳስካችዋን፣ ከስንዴ እርሻ። በሁለት ዓመት ያገባው ጎል አራት ነው። ለጎል አልነበረም የመጣው። የሌላ ቡድን ሰው የኬልሰንን ጎል አግቢ ሲያንገላታ አሰልጣኙ ማክሊሽ የሃሉክን ትከሻ መታ ያደርጋል። ሃሉክ ወጥቶ ጓንቱን ይጥላል፤ ይደባደባል፤ ከዚያ አምስት ደቂቃ ዌንደል ዘንድ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከማንም ይልቅ አብሮት የተቀመጠው ዌንደል ነው።

ሃሉክ ወሬ ይወዳል። «ሚስተር ኮሲክ፣ ውሻችን እኮ ትራክተር መንዳት ሊጀምር ምንም አልቀረው» ይላል ከንፈሩን በፎጣ እየጠረገ። ዌንደል አይመልስም፤ ይሰማል። የእናቱን ጉልበት በሽታ ሰማ። አባቱ ጎተራ ላይ ሆኖ ልቡ ቆሞ እንደሞተ፣ በቀብሩ ቀን በረዶው ከመብዛቱ የተነሳ ሬሳው በትራክተር እንደተወሰደ ሰማ። በጥር ወር ያንኑ የቀብር ታሪክ በአንድ ቅጣት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰማው። ሃሉክ ጨርሶ ትንፋሽ ወሰደና እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ጀመረው። ዌንደል ዞር ብሎ አየው። ቀልድ አልነበረም።

በሚያዝያ 1979 መዶሻዎቹ ዋንጫው ጫፍ ደረሱ። ኬልሰን ከ1958 ወዲህ ዋንጫ አላየችም። ከሞርተን ከተማ ጋር ሰባት ጨዋታ ነው፤ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ይወስዳል። ሦስት ለሁለት ይመሩ ነበር። ስድስተኛው ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሜዳቸው። ማቅለጫው የቀን ፈረቃውን በጊዜ ለቀቀ። መቀመጫ ያጡት ደረጃው ላይ ተጨናነቁ።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሃሉክ ከሞርተኑ ግዙፍ ተከላካይ ጋር ተያያዘ። ሁለቱም ተንሸራተቱ፤ ሃሉክ ከታች ሆነ። የራስ ቁር የሚባል ነገር አያደርግም ነበር። ማጅራቱ በረዶውን ሲመታ ድምፁ ሳጥኑ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ተነሳና እጁን አወዛወዘ። አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ።

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«አባቴ መጣ?»

ዌንደል በሃያ አምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መለሰ። «ማን?»

«አባቴ ነዋ። ትኬት በር ላይ ትቼለት ነበር። በስሜ ይጠይቅ ብዬ።»

ከዚያ ፎጣው ላይ አስመለሰ፤ ፎጣውን አጣጥፎ በሥርዓት ወንበሩ ሥር አስቀመጠው።

ኖርማ በመስኮቷ ብቅ አለች። «ዌንደል፣ እያወራህ ነው እንዴ? ዛሬ ጸሐይ በየት በኩል ወጣች?»

«አባቱ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀኝ።»

«ታዲያ ንገረው።»

«አባቱ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው።»

ኖርማ ልጁን አየችው። «ሦስት ደቂቃ ከሃያ ቀረው» አለች።

በእረፍቱ ዌንደል የቡድኑን ሐኪም ፍለጋ ሄደ። ዶክተር ፌን በሙያው ጥርስ ሐኪም ነው፤ ለሆኪ ጥርስ ሐኪም አይከፋም ይባል ነበር። ከመልበሻ ክፍሉ ደጃፍ ቋሊማ በዳቦ ሲበላ አገኘው።

«ሃሉክን አዩት፣ ዶክተር?»

«አየሁት። ስንት ጣት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ሦስት አለ። ሦስት ነበር።»

«ሁልጊዜ ሦስት ነው የሚያሳዩት።»

«ምን አልክ?»

«ተጫዋቹ ሁሉ ያውቃል። ሳያይም ሦስት ነው የሚልዎት።»

የዶክተሩ ፊት ቀላ። «ዌንደል፣ እኔ በርህን ክፈት ዝጋ ብዬህ አውቃለሁ? የበሩን ነገር ለአንተ፣ የጭንቅላቱን ለእኔ።»

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ። ሦስት ለሦስት። ስድስት ደቂቃ ሲቀር ሃሉክ በዱላው የአንዱን እግር ጠለፈ። ሁለት ደቂቃ። ኬልሰን በአንድ ሰው ጎድላ መከላከል ጀመረች። ሃሉክ መጥቶ ተቀመጠና ጓንቱን አውልቆ መልሶ ለማጥለቅ ሞከረ። የግራውን ቀኝ እጁ ላይ። አልገባ አለው። አገላብጦ አየው። እንደገና ያንኑ፣ ቀኝ እጁ ላይ።

ዌንደል ይህን አይቶት ያውቃል፤ በሌላ ሰው ጓንት። በ1961 ስታን ብሬጎ የሚባል የሥራ ባልደረባው አናቱን የብረት መንጠቆ መታው። ስታን ተነስቶ ሳቀ። ጓንቱን ከመሬት አንስቶ ያቀበለው ዌንደል ነበር። ስታን ፈረቃውን ጨረሰ፣ ቤቱ ገባ፣ ሲታጠብ ሞተ።

«ሃያ» አለ ዌንደል።

ሃሉክ በግራ እጁ ጓንቱን ይዞ ቆመ።

«አሥር።»

እጁ መቀርቀሪያው ላይ ነው። ሰዓቱ ዜሮ መታ። እጁ መቀርቀሪያው ላይ እንዳለ ቀረ።

«ዌንደል፣ አልቋል» አለች ኖርማ። ከዚያ ጮኸች፦ «ዌንደል! አልቋል እኮ!»

«አሁን ነው?» አለ ሃሉክ።

«ገና ነው። ተቀመጥ።»

ሃሉክ ተቀመጠ። ዌንደልን አምኖ ተቀመጠ። በረዶው ማዶ ማክሊሽ አግዳሚው ላይ ወጥቶ ሁለት እጁን ያወናጭፋል፦ «በሩን! በሩን ክፈት አንተ ድንጋይ! ሞተሃል እንዴ?» ከኋላ የቢራ ኩባያ መጥቶ ዌንደል ጀርባ ላይ ፈሰሰ። ዌንደል ሰውየውን ያውቀዋል፤ ጎረቤቱ ነው። የኬልሰን አራት ሰዎች ለአምስት ይሯሯጣሉ። በዱላ የሚገፏት ጥቁር ጎማ ከአንዱ ሞርተን ወደ ሌላው ሄደች፣ ተመለሰች፣ ማንም ያልቆመበት ጥግ ደረሰች፣ መረብ ውስጥ ገባች።

አራት ለሦስት። ኖርማ መዝገቧ ላይ «11 ሰከንድ» ብላ ጻፈች። ስታስረዳ ሰዓት ለሚይዝ ሰው መዋሸት አይሆንለትም አለች።

ዳኛው መጥቶ በሩን አስከፈተ። ሃሉክ ወጣ፤ ወጥቶም በቀጥታ ወደ ሞርተን ተቀያሪዎች ወንበር ሄደ። ሊቀመጥ ነው የሄደው። ዌንደል ከጀርባው አይቶታል፤ ሰውነቱን አላልቶ፣ እንደደከመው ሰው፣ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ነበር የሚሄደው። አዳራሹ ግን ሌላ ነገር አየ። አንድ ሰው ሃያ ሰው ሊገጥም ሲሄድ አየ። «ሃ-ሉክ! ሃ-ሉክ!» እያለ በእግሩ ወለሉን ይደበድብ ጀመር። የመስመር ዳኛው ክንዱን ይዞ ወደ ራሱ ወንበር መለሰው፤ ማክሊሽ እንኳ ፈገግ አለ።

ጨዋታው በዚያው አለቀ። ሰባተኛውና የመጨረሻው በማግስቱ ሞርተን ላይ ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዌንደልን ቢሮ ጠሩት። የቡድኑ ፕሬዚዳንት ሮይ ቤልክናፕ፣ ማክሊሽና ዶክተር ፌን አሉ። ቤልክናፕ አልተቆጣም። እንዲያውም ወንበር ሳበለት።

«ዌንደል፣ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ አብረኸን ነህ። መቀርቀሪያው ያዘህ፣ አይደል? በረዶ ገባበት፣ ተጣበቀ። ጋዜጠኞቹ ደጅ ናቸው። ይህንን ትላቸዋለህ፣ አለቀ። አሮጌ መቀርቀሪያ ነው።»

«መቀርቀሪያው ምንም አልሆነም።»

«እንዳትል!» አለ ማክሊሽ። «እንዳትለኝ! አውቀህ ነው? ዋንጫውን አውቀህ ነው የሰጠሃቸው?»

«ልጁ ታሟል። የት እንዳለ አያውቅም። አባቱ ሞቷል፣ ትኬት ትቼለታለሁ ይላል። ወደ ሞርተን ወንበር የሄደው ለጠብ አይደለም።»

«ጥሩት» አለ ቤልክናፕ።

ሃሉክ ታጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ መጣ። ከጨዋታው በኋላ ተሽሎት ነበር፤ ዓይኑ ሰው ይለያል። ዌንደልን ሲያይ ደስ አለው። ቤልክናፕ የተባለውን ነገረው። የሃሉክ ፊት ቀስ ብሎ ተለወጠ።

«ደህና ነኝ እኮ። እንዲህ ነው ያሉት?»

«ዶክተር፣ እስቲ» አለ ቤልክናፕ።

ዶክተር ፌን እጁን አነሳ። ሦስት ጣት። ሃሉክ ዌንደልን እያየ «ሦስት» አለ። እጁን አላየውም።

«አራት ያሳዩት» አለ ዌንደል።

«በዚህ ዕድሜዬ የሥራ ትምህርት አልጀምርም» አለ ዶክተሩ፤ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ሁለት ያሳዩት። ምን አለበት? አንድ ያሳዩት!»

«ዌንደል» አለ ቤልክናፕ።

ሃሉክ ወደ ዌንደል ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። አራት ሜትር በማይሞላ ክፍል ውስጥ ዝቅ ቢልም ሁሉም ሰምተውታል።

«ሚስተር ኮሲክ፣ እኔ ጎል አላገባም። ያለኝ ይኼ ነው። ጭንቅላቱ ታሟል የሚል ወሬ ከወጣብኝ ከዚህ እስከ ካናዳ የሚጠራኝ ቡድን አይኖርም። ምን አደረግኩዎት?»

«ምንም አላደረግከኝም።»

«ታዲያ ለምን? ተቀመጥ ሲሉኝ ተቀመጥኩ። አመንኩዎት እኮ።»

መቀርቀሪያው ነው ቢላቸው በሩ በእጁ ይቀራል፤ ልጁ ግን ያለ አንድ ጠያቂ ነገ ይጫወታል። አይደለም ቢላቸው በሩም ይሄዳል፣ ልጁም ይጫወታል። ዌንደል ይህን ቁጭ ብሎ አሰበው። ሦስተኛ መንገድ ፈለገ። የለም።

«መቀርቀሪያው ምንም አልሆነም» አለ እንደገና።

ማክሊሽ በሩን በርግዶ ወጣ። ቤልክናፕ የአዳራሹን ቁልፍ እንዲያስቀምጥ ጠየቀው፤ አስቀመጠ። ለጋዜጠኞቹ መቀርቀሪያው ነው ተባለላቸው። የኬልሰን ሰው ግን አላመነም፤ ገሚሱ ተኝቶ ነው አለ፣ ገሚሱ ከሞርተን ጋር ተነጋግሮ ነው አለ። አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሃሉክን ይዞ ወደ ሞርተን ተነሳ።

ዌንደል ቤት ገባና ስልክ አነሳ። ማዕከሉ የሃሉክን እናት ቁጥር ለማግኘት ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ሴትዮዋ ስታነሳ ከኋላዋ ውሻ ይጮኻል። ዌንደል ማን እንደሆነ ተናገረ። አለሰለሰው፣ ግን ሁሉንም ነገራት።

«ባለፈው እሑድ ሦስት ጊዜ ደወለልኝ» አለች ሴትዮዋ። «ያንኑ ወሬ ሦስት ጊዜ። ናፍቄው ነው ብዬ ደስ አለኝ።»

«ለቡድኑ ቢደውሉላቸው። እናት ስትናገር ሌላ ነው።»

«ለማን ልደውል?»

የቤልክናፕን ቁጥር ሰጣት። በማግስቱ ጠዋት እንደደወለች፣ ቤልክናፕም «ልጅዎ ጀግና ነው፣ ሊኮሩ ይገባል» ብሎ እንደዘጋው በኋላ ሰማ። ሆቴሉንም ፈልጋ ልጇን አግኝታው ነበር። ደህና ነኝ አላት። በሩን የሚከፍተው ሽማግሌ ትንሽ ነክቶታል፣ አትስሚው አላት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዌንደል ማድ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ፊት ተቀመጠ። አይሪን ድንች ትልጣለች።

«ዝጋው፣ ዌንደል። ሰምተህ ምን ልታደርግ?»

«ምንም።»

«እና?»

«እና ልስማው።»

የሬዲዮው ሰው ሲጀምር «የሞርተን በሮች ዛሬ በጥሩ ሁኔታ ይሠራሉ» ብሎ ቀለደ። ኬልሰን ውስጥ በየቤቱ ተሳቀ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፣ በሰባተኛው ደቂቃ፣ ሃሉክ ጓንቱን ጣለ። «ግራ! ቀኝ! ኧረ ሌላ ቀኝ! ሃሉክ አንድ ተቀበለ፣ ይኸው መለሰ!» አይሪን ቢላዋውን አስቀመጠች። ዌንደል የሬዲዮውን ድምፅ ጨመረ። ሃሉክ ቆመ፣ አሸነፈ፣ ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ። በሦስተኛውም ተደባደበ። የሚያውቀው ሰው አልነበረም በሩ ላይ፤ የሞርተኑ ሰውዬ በሰዓቱ ከፈተለት።

መዶሻዎቹ ሁለት ለአንድ አሸነፉ።

ደወሎች ተደወሉ። መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ በመንገዱ አለፉ። ጎረቤቱ፣ ያ ቢራ የደፋው፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ይኸው ዌንደል! ልጅህ ሞተ እንዴ?» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሞቅ ብሎት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ዌንደልን የጠላው ሰው አልነበረም። አሸንፈዋልና ይቅር አሉት። ምን ለማለት እንደፈለገ ግን ማንም ዳግመኛ አልጠየቀውም።

ሰኞ እኩለ ቀን ሰልፍ ተደረገ። ማቅለጫው ሰዉን ለአንድ ሰዓት ለቀቀ። ዌንደል በሥራ ልብሱ የፖስታ ቤቱ ጥግ ቆመ፣ ኖርማም ተማሪዎቿን ይዛ ከጎኑ። ተጫዋቾቹን የጫነው የጭነት መኪና በሰው ብዛት የተነሳ ቆም ቆም እያለ ይመጣል። ሃሉክ ጫፉ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። ዋንጫው ጭኑ ላይ ነው።

ዌንደልን አየውና ፊቱ በራ። ቂም ብሎ ነገር የለም። እጁን ዘረጋ፤ ዌንደልም ያዘው።

«ሚስተር ኮሲክ! እዚያ ነበሩ?»

«በሬዲዮ ሰማሁት።»

«እንዴት ነበር?»

«ምኑ?»

«ጨዋታው» አለ ሃሉክ። «አሸነፍን ይሉኛል።»

መኪናው ላይ ያሉት ሳቁ። መንገዱ ላይ ያሉትም ሳቁ። አንዱ «ጀግናው ሃሉክ!» ብሎ ጮኸ። ኖርማ አፏን ያዘች። ሃሉክ ሁሉም ሲስቅ አየና እሱም ሳቀ፤ ዌንደልን ግን ያየው ነበር፣ መልሱን ይጠብቃል።

«አዎ» አለ ዌንደል። «ሁለት ለአንድ።»

«ሁለት ለአንድ» አለ ሃሉክ፤ በአፉ ደጋገማት።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ዌንደል እጁን ይዞት ጥቂት እርምጃ አብሮ ሄደ። ከዚያ ሰዉ በዛ፤ ለቀቀው።